የዓርብ ሲሊኮን

እኔ መስታወት ገጣሚ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ መስኮት ገጥሜያለሁ፤ የሱቅ፣ የትምህርት ቤት፣ አንድ ጊዜም የአንድ ሀብታም ሰው የዓሣ ገንዳ። «አንተ ያሸግከው መስኮት ዝናብ አስገባ» ብሎ ደጄን ያንኳኳ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራም ቢሆን ምን ይደረጋል፤ ሰው የሚኮራበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል፣ የኔ ሲሊኮን ነው። የሲሊኮን መግፊያ ሽጉጡን ይዤ አንዴ ስጎትት መስመሩ ከላይ እስከ ታች ሳይቆረጥ ይወርዳል። ከዚያ አውራ ጣቴን የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክሬ እዳብሰዋለሁ። ሌላው ለዚህ ሥራ ማንኪያ ይጠቀማል፣ አንዳንዱም ካርቶን ቆርጦ ይስባል። እኔ አውራ ጣቴን ነው። ስንት ቤት መስኮት ላይ አሻራዬ እንዳለ እግዜር ይቁጠረው።

ልጄ ግን መስታወት አልወደደም። ያለን አንድ እሱ ነው። ሱቁን ይረከበኛል ብዬ ስጠብቅ ማተሚያ ቤት ገብቶ የመጽሐፍ ገጽ የሚያቀናብር ሆነ። ተቀየምኩት። ቅያሜዬ ደግሞ እንደ ሥራዬ ነው፣ ቀዳዳ የለውም። ሁለት ዓመት ያህል አንድ ጣራ ሥር እየኖርን፣ አንድ ገበታ እየቀረብን፣ ጨው አቀብለኝ ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበረንም። እናቱ መሀል ተቀምጣ የአንዳችንን ለአንዳችን ታደርስ ነበር።

ያስታረቀችን ጀልባ ናት። አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ክንድ የምትሆን ቀይ ጀልባ ተቀምጣለች። በሪሞት የምትሄድ ናት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል እንዴ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አባዬ፣ ውሃ እያስገባች አስቸገረችኝ» አለ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ያወራኝ የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው። ስለ ውሃ መግባት ደግሞ እኔን ሳይጠይቅ ማንን ሊጠይቅ ነው? ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጀልባዋ ሆዷ ውስጥ ክዳን ያላት ትንሽ ክፍል አለቻት። እዚያ ውስጥ የክብሪት ሳጥን የሚያህል መቀበያ ተቀምጧል፤ ሪሞቱ ያዘዘውን ሰምቶ ለሞተሩና ለመሪው የሚናገረው እሱ ነው። እሱን ውሃ ከነካው ጀልባዋ ደንቆሮ ትሆናለች። ልጄ ይህን መቀበያ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፎበት፣ ዙሪያውን እየቀለጠ የሚፈስ ሙጫ አፍስሶበት ነበር። ሙጫው ፀሐይ ሲያገኘው ተላቆ ተነስቷል። አንዱ ጥግ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎበት ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጥቷል። ሳቅኩበት። ይሄ ሙጫ ሳይሆን ማስቲካ ነው አልኩት። ከዚያ ሽጉጤን ከቦርሳ አወጣሁና መቀበያውን ከላስቲክ ቤቱ አውጥቼ፣ የመዳብ መስመር ያለበትን ቦርዱን ከላይም ከታችም በነጭ ሲሊኮን አለበስኩት። በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ክዳኑንም ዙሪያውን አሸግኩት። የኔ ሲሊኮን እስኪደርቅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ለኔ የተጠናቀቀ ሥራ ሽታ ነው። ሚስቴ ከጓዳ መጥታ መስኮቱን ሁሉ በረገደችው።

«ቤቱን ሰላጣ አደረጋችሁት እኮ» አለች።

ልጄ ነጩን ሲሊኮን አተኩሮ አየው። ያን ጊዜ ምን እያሰበ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አድናቆት ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ሲሊኮንን የረሱት ለምንድን ነው አለኝ። ሳቅን። እናቱም ከመስኮቱ ሥር ሆና ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ዓርብ የኔና የልጄ ሆነ። ሁልጊዜ ማሸግ የለም፤ ቀለም እንነካካለን፣ ባትሪ እንሞላለን፣ ስለ ምኑም ስለ ምኑም እናወራለን። በየሦስት በየአራት ወሩ ግን «አባዬ፣ መሪዋ እምቢ አለኝና ከፍቼ አስተካከልኳት፤ እስቲ እንደገና አሽግልኝ» ይለኛል። ምን እንዳስተካከለ ጠይቄው አላውቅም። የኔ ሥራ ማሸግ ነው። ቦርሳዬን ስከፍት ሚስቴ ሳትጠየቅ መስኮት ልትከፍት ትነሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ኩሬው ዳር እንወርዳለን። እኔና እሱ ወዲህ ዳር፣ እሷ ወዲያ ማዶ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ። ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አንድ ካራሜላ ያስቀምጥና ይልካታል። ቀይዋ ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀች ትሄድና እናቱ እግር ሥር ትቆማለች። ሚስቴ ካራሜላ አትወድም፤ ቢሆንም ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትተዋለች፣ ከዚያ ጀልባዋን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ትመልሳለች። ሦስት ዓመት ከምናምን እንዲህ አደረግን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነት ነው፤ ብዙ ቅዳሜ ብርድ ነው ብዬ አጉረምርሜያለሁ።

ልጄ አንድ ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መናገር አልችልም፣ አልፈልግምም።

አምስት ወር ጀልባዋ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሚስቴ ከቤት መውጣት ተወች። መጀመሪያ ሰው እየመጣ ያጽናናት ነበር፤ ቀስ በቀስ ሰውም ወደ ጉዳዩ ሄደ። ጠዋት ስወጣ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ማታ ስመለስ አገኛታለሁ። ብይ እላታለሁ፣ ትቀምሳለች። እንውጣ እላታለሁ፣ ነገ ትላለች። ለሰው ቤት መስኮት እያሸግኩ የራሴ ቤት በየት በኩል እንደሚያፈስ ጠፋኝ።

አንድ ቀን ሳልጠይቃት ተናገረች። ዓይኗ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አምጣልኝ። እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥና ትምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች።

ከዚህ የቀለለ ምን ነገር አለ? ለኔ ግን ከዚህ የከበደ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። እንደምትወጣ ሰማሁ፣ ያውም በገዛ አፏ። ጀልባዋን አወረድኩ። ባትሪውን ሞላሁ። ሪሞቱን በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር፤ የልጄ ጣቶች ያለሰለሱት ቦታ ላይ ጣቶቼን አሳረፍኩ። መሪዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ፣ ሞተሯም አጉረመረመ። ለማንኛውም ብዬ ክዳኗን ከፈትኩ። መቀበያው እኔ እንዳለበስኩት ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ያንኑ ሲሊኮን ደገምኩለት፣ ወፍራም አድርጌ። ክዳኑን አሸግኩ። በደንብ ይጠንክር ብዬ ዘጠኝ ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውሃ ላይ ልሞክራት ይገባኝ ነበር። የኔ ሽጊያ አይፈተንም ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ሚስቴ ጫማዋን አደረገች። ኩሬውን ዞራ ወንበሯ ላይ እስክትደርስ ጠበቅኩ። ካራሜላውን አስቀምጬ ላክኩ። ስትሄድ ልክ እንደ ድሮዋ ናት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። መሀል ላይ ስትደርስ ሚስቴ ከወንበሯ ተነሳች። ከሩቅ አየኋት፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች።

ያኔ ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች። መሪዋ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ተወራጨ፣ አንድ ዙር ዞረች፣ ቆመች። ሪሞቱን ብጫነው ብጫነው አልሰማችም። ነፋሱ እያንሳፈፈ ወስዶ ከሣሩ መሀል ሰካት። ሱሪዬን እንኳ ሳልሰበስብ እስከ ወገቤ ገባሁ። ይዣት ስወጣ ሚስቴ ተመልሳ ተቀምጣ ነበር። እጆቿን ቦርሳዋ ላይ አድርጋለች። ወደ ቤት ስንመለስ የተናገረችው «እግርህን አድርቅ» ብቻ ነው። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሰኞ ጠዋት ጀልባዋን ታቅፌ ወደ ጭሱ ሄድኩ። ጭሱ የምንለው ሬዲዮ ጠጋኙን ነው፤ ከብየዳው ጭስ ውስጥ ፊቱ ወጥቶ የታየ ቀን የለም። ልጄ ለጀልባዋ የሚያስፈልጋትን ሁሉ የሚገዛው ከእሱ ነው። ከደጁ ጀምሬ ወረድኩበት። የበሰበሰ ዕቃ ለልጄ ሸጠህ፣ እናቱን ሰው ፊት አሳዘንክብኝ አልኩት። ሰው ፊት እንኳ አልነበረም፤ ንዴት ሲነሳ ይጨምራል።

ጭሱ እጁን ዘረጋ። ጀልባዋን ተቀበለኝ፣ ክዳኗን በምላጭ ከፈተ፣ ነጩን ሲሊኮን እንደ እንቁላል ቅርፊት እየላጠ አነሳው። ከሥሩ የወጣው ቦርድ አረንጓዴ ነው። መዳቡ አሮጌ ሳንቲም መስሏል፤ ከፊሉ ጭራሽ የለም፣ ተበልቷል። አንዱ ሽቦ ሲነካው ተቆርጦ ወደቀ። ውሃ ነው አልኩት። ጭሱ ቦርዱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። አቼቶ ነው።

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የኔ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ ኮምጣጣ ነገር ይተፋል። መስታወትን ምንም አያደርገውም፤ መዳብን ግን ይበላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሆን የሚወጣበት ስለሌለው ይብስበታል። ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሆን ሌላ ሲሊኮን አለ፣ የማይሸት። እሱም ቢሆን የሚቀባው ክዳኑ ላይ ነው እንጂ ቦርዱ አይለወስበትም። ይህን ሁሉ ሲናገር አንገቱን አቀርቅሮ ነው።

ውሸት ነው አልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሽግ የት ነበርክ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ሠራች አልኩት።

ጭሱ ምላጩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ አሥራ አንደኛው ነው» አለ። «በየሦስት በየአራት ወሩ እየመጣ አዲስ ይገዛ ነበር። እኔ ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። የማይሸተውንም ሰጥቼው፣ አባዬ ካየው ይጠይቀኛል ብሎ መልሶልኛል። ንገራቸው ስለው ምን አለኝ መሰለዎት? ቦርድ ተገዝቶ ይመጣል፣ አባዬ ግን አጠገቤ የሚቀመጠው ሲሊኮኑን ይዞ ነው አለኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለ ገዛ እጄ ጭሱ ሲያውቅ የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ልቡ ይሞላል ትሉ ይሆናል። እኔ ተናደድኩ። የሞተ ልጄ ላይ ተናደድኩ። «አባዬ፣ ይሄ ሲሊኮን አይሆንም» ማለት ስንት ቃል ነው? ብቆጣ አንድ ቀን ብቆጣ ነው። ባኮርፍ… አዎ፣ ባኮርፍ ሁለት ዓመት ነው። ያን ሳስብ ንዴቱ ከላዬ ላይ ወረደና የጭሱ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ያህል አስፈርቼዋለሁ ማለት ነው።

ልወጣ ስል ጭሱ አንድ ነገር ጨመረ። የተበላሹትን ለመለዋወጫ ስጠኝ ብሎ ቢለምነው ልጄ እምቢ አለው፤ ሁሉንም ወደ ቤት ይወስዳቸው ነበር።

ቤት ገብቼ የልጄ አልጋ ሥር ተንበረከክኩ። የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። አሥር ነጫጭ ጉብጉብ ነገሮች በተራ ተደርድረዋል። መዳባቸው በየጎኑ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ሲሊኮኑን ግን አልላጠውም፤ ዙሪያውን ብቻ በጥንቃቄ ቆርጦ ነው ያወጣቸው። በያንዳንዱ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ አለ። ከሥሩ በዚያ በጥቃቅን ጽሕፈቱ ቀን ጽፎበታል። ሌላ ምንም ቃል የለም። የማን ዓርብ እንደሆነ እኔና እሱ እናውቃለን።

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንድን ናቸው አለችኝ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ሁሉንም ነገርኳት። ጀልባዋን ያስቆማት የኔ እጅ መሆኑን፣ አሥር ጊዜ አጥፍቼ አሥር ጊዜ እንደሸፈነልኝ፣ አሥራ አንደኛው ላይ የሚሸፍንልኝ እንዳልነበረ። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ለኔም አልነገረኝም» አለች። ቆይታም «አባቱን ነው የወጣው፣ ቀዳዳ የለውም» አለች።

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። በአምስት ወር ውስጥ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየፊናችን ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ የት ተቀምጦ እንደቆየ እንጃ።

በማግስቱ ወደ ጭሱ ተመለስኩ። ሥራው የተሠራው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። አዲሱን መቀበያ ከላስቲክ ቤቱ እንዳላወጣው ከለከለኝ። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፈን ቦታው ላይ አስቀመጥነው፤ ልጄ መጀመሪያ እንዳደረገው። የሳቅኩበት ፕላስተር ልክ ነበር። ከዚያ የማይሸተውን ሲሊኮን ሰጠኝና ክዳኑ ዙሪያ ብቻ፣ ቀጭን አድርጌ አሳለፍኩት። ወፈረ ይለኛል፣ እጠርገዋለሁ። አርባ ዓመት ሠርቼ ተማሪ ሆንኩ። ልጄ ቢያየኝ ምን ብሎ እንደሚቀልድ እያሰብኩ አውራ ጣቴን ሳሙና ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሦስት ቀን እዚያው ደረቀች። ዓርብ ሄጄ የጭሱ በርሜል ውስጥ ውሃ ላይ አንሳፈፍናት፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ። ቅዳሜ ማለዳ ወስጃት በቀጥታ ወደ ኩሬው ሄድኩ። ዓርብ ማታ ነግሬያት ነበርና ሚስቴ ቀድማኝ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

ካራሜላውን አስቀመጥኩ፣ ላክኳት።

መሀል ላይ ደረሰች። አልተንቀጠቀጠችም። ያቺ ቀይ ጀልባ መሀሉን አለፈች፣ የሣሩን ጥግ አለፈች፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ሚስቴ እግር ሥር ቆመች። ጎንበስ ብላ ስታነሳት አየሁ። መልሳ ትገፋታለች ብዬ ሪሞቱን ይዤ ጠበቅኩ። አልገፋቻትም። ብዙ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሪሞቱን እንደያዝኩ ኩሬውን ዞሬ ሄድኩ።

ስደርስ ጀልባዋን ጭኗ ላይ አድርጋታለች። ካራሜላው ከነመጠቅለያው ሣሩ ላይ ወድቋል። አፍንጫዋን ክዳኑ ላይ፣ እኔ በጣቴ የዳበስኩት መስመር ላይ አስጠግታ ታሸታለች። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሄደችበት፣ ደግማ ተመለሰችበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ባሸግኩ ዓርብ ሁሉ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ስትበረግድ የኖረች ሴት፣ ያንን የዓርቡን ሽታ ትፈልጋለች።

«አይሸትም» አለችኝ።

ትክክለኛው ይሄ ነው፣ ከእንግዲህ ምንም አይበላትም፣ ሁልጊዜ ትመጣልሻለች ልላት ነበር። መንገዱን ሁሉ ስደረድረው የመጣሁት ንግግር ነው። ፊቷን አየሁና ተውኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አዎ፣ አይሸትም» አልኳት።